በውረቅ፣ ቦሮን እና የሪያድ ውኃ፦ የንጽሕና ፍለጋ የሁለት መቶ ዓመት ጉዞ

ከሪያድ ነባር ሰፈሮች አንዱ የሆነው መላዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሒጃዝ ወደ ዋና ከተማዋ በተዛወሩበት ወቅት ለሠራተኞች መኖሪያነት የተገነባ ነው። በ1957 የተቋቋመው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲም ዛሬ ወዳለበት ሰፊ ግቢ ከመዛወሩ በፊት ለረጅም ዓመታት ያስተማረው በዚሁ ሰፈር ነበር። በየቤቱ ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ግን ከሰፈሩም ከከተማዋም አይመነጭም። ከከርሰ ምድር ከሚወጣው ጋር የሚቀላቀለው አብዛኛው የከተማዋ ውኃ ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ከጁበይልና ከራስ አል ኸይር ማጣሪያዎች ተነሥቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ይጓዛል፤ ከባሕር ጠለል 600 ሜትር ያህል ከፍታ ወጥቶም ከተማዋ ይደርሳል።

የባሕር ውኃ ማጣራት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጨው ይሄዳል። ለማጣሪያ መሐንዲሶች ከጨው ይልቅ ራስ ምታት የሆነው ግን በመጠኑ እጅግ አነስተኛ የሆነ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ስሙ ቦሮን ይባላል። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖር ቦሮኑ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ይህ ኢምንት መጠን ጨውን በሚያግደው ስስ ማጣሪያ በኩል ሾልኮ ያልፋል።

በሌላ በኩል ደግሞ በዓለም ላይ ጥቂት ፋብሪካዎች ይህንኑ ቦሮን ከሌላ ነገር ሁሉ ለይተው ንጹሕ አድርገው ለማውጣት ሲደክሙ ኖረዋል። ውኃን ከቦሮን ማጽዳትና ቦሮንን ከሌላው ማጽዳት በመልክ ተቃራኒ ሥራዎች ይመስላሉ። ሁለቱንም አስቸጋሪ ያደረገው ግን አንድ ጠባይ ነው። ቦሮን ከኦክስጅን ጋር የተሳሰረበትን ገመድ በቀላሉ አይፈታም። በተፈጥሮ ውስጥ ብቻውን ተገኝቶ አያውቅም። በባሕርም ሆነ በድንጋይ ውስጥ፣ በወርቅ ሠሪው ማሰሮም ቢሆን ሁልጊዜ የሚገኘው ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ነው።

ከአር-ራዚ መዝገብ የተነሣ ስም

ቦሮን የሚለው መጠሪያ ሥሩ በውረቅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ ቃሉም ከፋርስ እንደመጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይገልጻሉ። በ925 ገደማ ያረፈው ታላቁ ሐኪምና የኬሚያ ሊቅ አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ በ«ኪታብ አል-አስራር» ማዕድናትን በጠባያቸው ሲከፋፍል «በዋሪቅ» የተባለውን ወገን ለብቻው አስቀምጦታል። በዚያ ዘመን ቃሉ ዛሬ ቦራክስ የምንለውን ብቻ ሳይሆን ሌሎች የሶዳ ዓይነት ጨዎችንም ያቅፍ ነበር። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ተንካር በመባል ይታወቅ ነበር።

የወርቅና የብር አንጥረኞች ዛሬም በዚሁ ነገር ይሠራሉ። ብረታ ብረት በእሳት ሲግል በላዩ ላይ የሚፈጠረውን የኦክስጅን ቅርፊት ቦራክሱ አቅልጦ ይጠርገዋል፤ ያን ጊዜ ብየዳው ይይዛል። አንጥረኛው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ባያነብም የቦሮንን የኦክስጅን ፍቅር ለዘመናት ለጥቅሙ አውሎታል። በነገራችን ላይ አማርኛችን «ንጥረ ነገር» የሚለውን ስያሜ ያበጀው ነጠረ ከሚለው ግስ ነው፤ ቅቤ እንደሚነጠር፣ ወርቅ በእሳት እንደሚነጠር ማለት ነው። ስያሜው ለቦሮን ሲሆን ግን ለጊዜው ምኞት ብቻ ሆኖ ቆይቷል፤ ቦሮን እንደ ቅቤ አልነጥርም ብሎ አንድ ምዕተ ዓመት አልፏልና።

አራት ትውልድ የፈጀ ጥቁር ዱቄት

በ1808 በፓሪስ ጌ-ሉሳክና ቴናር፣ በለንደን ሃምፍሪ ዴቪ በቀናት ልዩነት አዲስ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። መንገዳቸው በመሠረቱ ቀላል ነበር። ኦክስጅንን ከቦሮን ይበልጥ የሚሻውን ፖታስየም ከቦሪክ አሲድ ጋር አግለው ኦክስጅኑን እንዲነጥቅ አደረጉ። ያገኙት ጥቁር ቡናማ ዱቄት ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ከቦሮን ጋር ብዙ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት የባሰ ተታለሉ። በ1850ዎቹ ጀርመናዊው ቬለርና ፈረንሳዊው ሳንት-ክሌር ዴቪል በፖታስየም ፈንታ አሉሚኒየም ተጠቅመው የሚያብረቀርቁ፣ እጅግ ጠንካራ ክሪስታሎች አወጡና አልማዝ መሰል ቦሮን ብለው ሰየሟቸው። ክሪስታሎቹ ግን ንጹሕ ቦሮን ሳይሆኑ ቦሮን ከአሉሚኒየም ጋር የፈጠረው ውህድ መሆናቸው ኋላ ተረጋገጠ። የነጠቀው ብረት ራሱ ገብቶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በ1890ዎቹ አንሪ ሙዋሳን ማግኒዝየምን መረጠ። የቦሮን ኦክሳይድና የማግኒዝየም ዱቄት ተደባልቀው አንዴ ከተለኮሱ እሳቱ በራሱ ይቀጥላል፤ የሚቀረው የማግኒዝየም ኦክሳይድ ደግሞ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ ይወገዳል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቦሮን ንጽሕናው ከ90 ከመቶ ብዙም አይርቅም፤ ተደጋግሞ ከታጠበና ከታከመ ደግሞ ወደ 95 ከመቶና ትንሽ ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዘዴው ርካሽ በመሆኑ እስከ ዛሬ በኢንዱስትሪ ይሠራበታል። ለርችት፣ ለሮኬት ነዳጅና ለተሽከርካሪ የአደጋ መከላከያ ከረጢት ማቀጣጠያ የሚውለው ጥቁር ዱቄት ብዙውን ጊዜ የዚህ ዘዴ ውጤት ነው። ይሁንና ከማግኒዝየሙ ከፊሉ ከቦሮን ጋር ተዋሕዶ አሲድ የማይፈታው ቅሪት ሆኖ ይቀራል። በማጠብ ብዛት ከዚህ አልፎ መሄድ አልተቻለም።

ሌላው መንገድ ኤሌክትሮሊሲስ ነው። የፖታስየም ክሎራይድና የቦሮን ፍሎራይድ ጨዎች በብርቱ እሳት ከቀለጡ በኋላ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲገባባቸው ቦሮን በአንዱ ዘንግ ላይ ይጣበቃል። ዘዴው ውድ የሆነውን የቦሮን ዓይነት ሳያባክን ስለሚሰበስብ በኑክሌር ዘርፍ ተመራጭ ሆኗል። ንጽሕናው ግን ለኤሌክትሮኒክስ አይበቃም።

ድንጋዩን ሳይሆን ጋዙን ማጥራት

ቁልፉ የተገኘው ጥያቄው ሲገለበጥ ነው። ጠንካራው ቦሮን ታጥቦ የማይጠራ ከሆነ፣ ቦሮንን አስቀድሞ በቀላሉ ወደሚተን ነገር ለውጦ፣ ያንን አጥርቶ፣ ከዚያ ወደ ቦሮንነቱ መመለስስ?

በጣኢፍ የጽጌረዳ ውኃ ሲወጣ ያየ ሰው ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም። አበባው በጋን ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ይረጋል፤ ጭቃውና ቅጠሉ ከጋኑ ግርጌ ይቀራሉ። የኬሚያ ሊቃውንት ተቅጢር ያሉት ይህ ጥበብ ነው። ቦሮንም ከካርቦን ጋር ግሎ ክሎሪን ሲነፍስበት ቦሮን ትራይክሎራይድ የተባለ ውህድ ይሆናል። ይህ ውህድ በ12.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ይፈላል፤ በሪያድ ክረምት ፈሳሽ፣ በበጋው ጋዝ ነው እንደ ማለት። የብረት፣ የማግኒዝየምና የአሉሚኒየም ክሎራይዶች በዚህ የሙቀት መጠን ስለማይተኑ ከግርጌ ይቀራሉ፤ ደጋግሞ በማትነንና በማቀዝቀዝ ጋዙ ደረጃ በደረጃ እየጠራ ይሄዳል።

በ1909 በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዋይንትራውብ ይህንን ጋዝ ከሃይድሮጅን ጋር በኤሌክትሪክ ብልጭታ ውስጥ አሳልፎ 99 ከመቶ ንጹሕ ቦሮን አገኘ። ሃይድሮጅኑ ክሎሪኑን ይዞ ይወጣል፤ ቦሮኑ ይቀራል። ከንጥረ ነገሩ ግኝት እስከዚህ ቀን 101 ዓመት አልፎ ነበር።

ዛሬ ከፍተኛ ንጽሕና ያለው ቦሮን የሚሠራው ይህንኑ መሠረት በማጠናከር ነው። ከ1,000 ዲግሪ በላይ በጋለ የተንግስተን ወይም የታንታለም ክር ዙሪያ የቦሮን ትራይክሎራይድ ወይም የቦሮን ትራይብሮማይድ ትነት ከሃይድሮጅን ጋር ይነፍሳል፤ ቦሮኑም በክሩ ላይ እየተደራረበ ይወፍራል። አዮዲን ያለበት ውህድ ደግሞ ያለ ሃይድሮጅን በሙቀት ብቻ ይበተናል። ዳይቦሬን የተባለው የቦሮንና የሃይድሮጅን ጋዝም በሙቀት ተበትኖ ንጹሕ ቦሮን ይሰጣል፤ ነገር ግን መርዛማና አየር ሲነካው የሚቀጣጠል በመሆኑ የሚደፍሩት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ጋዞች በየትኛውም ውስጥ ትንሽ እርጥበት ከገባ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል፤ ቦሮኑ ከውኃው ኦክስጅን ጋር ተመልሶ ተጣብቆ ቦሪክ አሲድ ይሆናል።

ንጽሕና በዚህ ሙያ የሚቆጠረው በዘጠኝ ቁጥሮች ብዛት ነው። 99 ከመቶ ሁለት ዘጠኝ ይባላል፤ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 10 ግራም ባዕድ ነገር አለ ማለት ነው። ስድስት ዘጠኝ ሲባል፣ ማለትም 99.9999 ከመቶ ሲሆን፣ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው ባዕድ ነገር ከ1 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ቦራክስ በቶን ይሸጣል፤ የዚህ ደረጃ ቦሮን ግን በግራም ነው።

ወደዚያ ጫፍ ለመድረስ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። ቦሮን የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሲሆን የቀለጠው ቦሮን የያዘውን ዕቃ ሁሉ ይበላል። በምን ዕቃ ይቅለጥ? መልሱ በምንም ዕቃ የሚል ሆነ። የቦሮን ዘንግ ቀጥ ብሎ ይቆምና በዙሪያው ያለ የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ጠባብ ክፍሉን ብቻ ያቀልጣል። ቅልጩ ከላይና ከታች ባለው ጠጣር መካከል በራሱ የገጽ ውጥረት ተንጠልጥሎ ይቆያል። መጠምጠሚያው በዝግታ ወደ አንድ ጫፍ ሲጓዝ ባዕድ ነገሮቹ በአብዛኛው ከቅልጩ ጋር ተጠርገው ጫፍ ላይ ይከማቻሉ፤ ጫፉም ተቆርጦ ይጣላል። ካርቦን ግን ከቦሮን ጋር ስለሚስማማ በዚህም ቢሆን በቀላሉ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

የሳዑዲ ንጉሣዊ አየር ኃይል ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚጠቀምባቸው ኤፍ-15 አውሮፕላኖች የጅራት ክፍላቸው የተሠራው በቦሮን ክር በተጠናከረ ቁስ ነው፤ ክሩም የሚመረተው ከላይ በተገለጸው የጋለ ተንግስተን ዘዴ ነው። በ2001 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ማግኒዝየም ዳይቦራይድ በ39 ኬልቪን ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም እንደሚያሳልፍ አስታወቁ፤ ከዚህ ቁስ የሚሠራ ሽቦ ጥራቱ በእጅጉ የሚወሰነው በገባበት ቦሮን ንጽሕና ነው። ከተፈጥሮ ቦሮን 20 ከመቶ ያህል የሆነው ቦሮን-10 የተባለው ዓይነት ኒውትሮንን በብርቱ ይውጣል። በ1986 የቼርኖቢል ሬአክተር ሲቃጠል 40 ቶን ያህል ቦሮን ካርባይድ ከሄሊኮፕተር የተጣለበት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሰፊውን ሕዝብ ኑሮ የሚነካው ግን ሲሊከን ነው። ለፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚውል ሲሊከን በአምስት ሚሊዮን አቶሞች መካከል አንድ የቦሮን አቶም ያህል ሲጨመርበት የኤሌክትሪክ ጠባዩ ይለወጣል። ቅመሙ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ከቦሮኑ ጋር የሚገባ የብረት ርዝራዥ ሁሉ ጉዳት አለው። በሪያድ ክልል የሚገኘውን 1,500 ሜጋ ዋት የሱደይር የፀሐይ ማመንጫ በመሳሰሉ ጣቢያዎች ዘመን ይህ ጉዳይ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። እዚህም የቦሮን አሮጌ ፍቅር ይከተለዋል፦ በቦሮን የተቀመመ ሲሊከን ለፀሐይ በተጋለጠ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቦሮኑ በውስጡ ከቀረ ኦክስጅን ጋር እየተጣመደ የመሣሪያውን ምርት እንደሚቀንስ ታውቋል። ብዙ አምራቾች በቦሮን ፈንታ ወደ ጋሊየም የዞሩት ይህን ለመሸሽ ነው።

ወደ ቧንቧው ስንመለስ

ቀድሞ ሪያድ የምትጠጣው የባሕር ውኃ የሚጣራው በዋነኛነት በማፍላትና በማቀዝቀዝ ነበር። በዚህ ዘዴ ቦሮን ከጨው ጋር ከግርጌ ስለሚቀር ችግሩ አይነሣም። ነገር ግን ማፍላት ብዙ ነዳጅ ይበላል። በ2014 ሥራ የጀመረውና በቀን 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚያመርተው የራስ አል ኸይር ጣቢያ ማፍላትንና በግፊት በስስ ማጣሪያ ማሳለፍን አጣምሮ የያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ አዳዲሶቹ ግንባታዎች ያዘነበሉት ወደ ማጣሪያው ነው። ነዳጁ ተቆጠበ፤ ቦሮን ግን መጣ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጨው ቅንጣቶች የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ማጣሪያው ይገፋቸዋል። ቦሪክ አሲድ ግን በተለመደው የባሕር ውኃ ውስጥ ሙል የለውም፤ መጠኑም ትንሽ ነው፤ ለማጣሪያው ውኃን መስሎ ይታያል። መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ በመጀመሪያው ማጣሪያ ያለፈውን ውኃ አልካላይ አድርገው፣ ፒኤች 10 አካባቢ አድርሰው ለሁለተኛ ጊዜ ማጣራት ነው፤ ያን ጊዜ ቦሮኑ ሙል ይዞ ይታገዳል። አለበለዚያ ስኳር መሰል ሞለኪውል የተጣበቀበት ሙጫ ይጠቀማሉ፤ ቦሮን በሞለኪውሉ ኦክስጅኖች ተስቦ እዚያ ይቀራል። የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎችም ለሲሊከን ማጠቢያ የሚጠቀሙበትን እጅግ ንጹሕ ውኃ ከቦሮን የሚጠብቁት በተመሳሳይ ሙጫ ነው። ሁለቱም መላዎች ተጨማሪ ኤሌክትሪክ፣ ተጨማሪ ኬሚካልና ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለሚገኝ ቦሮን ያስቀመጠው መነሻ ልክ ቀደም ሲል በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነበር፤ ተጨማሪ ጥናቶችን መርምሮ በ2011 ባወጣው መመሪያ ወደ 2.4 ከፍ አድርጎታል። ለሰው ቀለል ያለው ግን ለተክል አልቀለለም። ቴምር ብዙ ይታገሣል፤ ሎሚና ብርቱካን ግን በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ባልሞላ ቦሮን ቅጠላቸው ከጫፉ መቃጠል ይጀምራል። የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ቦሮንን አያስወግድም። በ2019 ይፋ የሆነው አረንጓዴ ሪያድ ፕሮጀክት 7.5 ሚሊዮን ዛፎችን ለመትከልና በታከመ ፍሳሽ ውኃ ለማጠጣት ያቀደ ነውና፣ በባሕር ዳር ያልተወገደ ቦሮን በመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡ መታሰብ ያለበት በመጠጥ ብርጭቆ ብቻ ሳይሆን በአፈርም ጭምር ነው።

ከውኃው የወጣው ቦሮን አይጠቅምምን? ቁጥሩ ያጓጓል። በአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ውስጥ ከ4,500 ኪሎ ግራም በላይ ቦሮን አለ። በሳዑዲ ዐረቢያ ከማጣሪያ ከሚተርፈው ብርቱ ጨዋማ ውኃ ማዕድናትን የማውጣት ምርምር በመካሄድ ላይ ነው። ከዋጋ አንጻር ግን ተወዳዳሪው ብርቱ ነው፤ ቱርክ በመንግሥቷ ኩባንያ ኤቲ ማደን በኩል ከዓለም የቦሮን ክምችት ከ70 ከመቶ በላይ እንዳላት ታስታውቃለች፤ እዚያ ማዕድኑ በአካፋ የሚዛቅ ነው። ቱርክ ራሷም ለረጅም ዘመን ጥሬውን ስትልክ ኖራ በ2023 ነው በባንድርማ የቦሮን ካርባይድ ፋብሪካ የከፈተችው። በዓለም ትልቁን ክምችት የያዘች ሀገር ይህን ያህል ከዘገየች፣ በዚህ ዘርፍ ድንጋይ መኖሩ ብቻ ገበያውን እንደማያስገኝ ግልጽ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። በ2012 የተጀመረው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ በብዙ ወረዳዎች አፈር ውስጥ ከናይትሮጅን፣ ከፎስፈረስና ከሰልፈር በተጨማሪ ቦሮን ማነሱን አመለከተ። በዚህ መነሻነት ቦሮን ያለበት ቅልቅል ማዳበሪያ ለገበሬው ቀረበ። ከዓይነቶቹ በአንዱ የቦሮኑ ድርሻ 0.1 ከመቶ ነው፤ በአንድ ኩንታል ውስጥ 100 ግራም ማለት ነው። በአንዳንድ የማሳ ሙከራዎች የምርት ልዩነቱ ጎልቶ ባለመታየቱ ክርክሩ አላበቃም። ለገበሬው የስድስት ዘጠኝ ንጽሕና ትርጉም የለውም፤ አር-ራዚ ያውቀው የነበረው ቦራክስ ይበቃዋል። የሚያስፈልገው ማሳው በእርግጥ የጎደለው መሆኑን የሚነግረው የአፈር ምርመራ ነው፤ ለስንዴው የጎደለው ጥቂት ግራም፣ ትንሽ ሲበዛ ባቄላውን የሚመርዝ በመሆኑ።